ከገበያ ተሰብስበው በስለት ስም ስለተጫረቱት አዳፕተሮች የተሰጠ ቃል

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ አቶ ባንተአምላክ ዘነበ ወልደሰንበት
ዕድሜ፦ 63
የትምህርት ደረጃ፦ 6ኛ ክፍል
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባለቤቱ በሞት የተለየችው
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ በባንኮ ጎቲቲ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚዛን ሠራተኛ
አድራሻ፦ ዲላ ከተማ፣ በግል መኖሪያ ቤቱ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ የካቲት 11 ቀን 2005 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ም/ሳጅን ሙሉጌታ በየነ

ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሃይማኖቴ ምዬ ነው። መርማሪው አስቀድሞ በእስር ላይ ከሚገኘው ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከነስሩ ጋር ዝምድና፣ ከነጋዴው ከአቶ ከፈለኝ ጋር ደግሞ ጠብ እንዳለኝ ጠይቆኛል። ነስሩ ዘመዴ አይደለም፤ እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የምንተዋወቀው የቤቴን መስመር ስለዘረጋልኝ ነው። አቶ ከፈለኝ የደብራችን ምእመን ነው። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ አስከሬኗን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ስለነበረ ውለታው አለብኝ። ጠብ የለንም። ካለፈው ረቡዕ ወዲህ ግን እጁን መጨበጥ ይቀፈኛል። መርማሪው ይህ ጠብ አይደለም ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ጠብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፣ ይህ የሚያቅለሸልሽ ነገር ነው ብዬ መልሻለሁ። እንዳልኩት እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፏል።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ባንኮ ጎቲቲ ገበሬው ያመጣውን እሸት ቡና እየመዘንኩ ኪሎውን በጩኸት እጠራ ነበር፤ ጸሐፊው ራቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ሥራው ድምፅ ይፈልጋል። ወደ ዲላ ከመጣሁ በኋላ በዚሁ ድምፄ ምክንያት የደብራችን ሰበካ ጉባኤ የስለት ዕቃ አጫራች አደረገኝ። በየዓመቱ ንግሥ ሰው የተሳለውን ጃንጥላ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ በግ ያመጣል፤ እኔ ቆሜ አጫርታለሁ። ለዚህ ሥራ ክፍያ የለኝም፤ እንደ ጸሎት አድርጌ የያዝኩት ነገር ነበር።

ባለፈው ክረምት የእጅ ስልክ ገዛሁ። የቻርጀሩ መሰኪያ ባለ ሦስት እግር ስለሆነ ከቤቴ ሶኬት ጋር አልገጥም አለ። ስለዚህ ከአቶ ከፈለኝ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነጭ አዳፕተር ገዛሁ፤ ይህ መንገደኞች ከአገር አገር ሲሄዱ የሚይዙት፣ ነጋዴዎች «ትራቭል» የሚሉት ነው። ቤት እንደገባሁ ጎኑ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረግሁበት። ይህ የሟች ባለቤቴ ልማድ ነው። በሰፈራችን ለለቅሶም ለድግስም ዕቃ ስለምንዋዋስ ሁሉም የራሱን ለመለየት በሳህኑና በብርጭቆው ሥር ቀለም ይቀባል፤ የአንዱ ሰማያዊ፣ የአንዱ ቢጫ፣ የእኛ ቀይ ነው። እሷ ካለፈች በኋላ የቀለሙን ብልቃጥ አልጣልኩትም። የገዛሁትን ሁሉ፣ ማንም የማይዋሰውን የጥርስ ብሩሼን ሳይቀር፣ ነጥብ አደርግበታለሁ። ይህን የምናገረው ለጉዳዩ ስለሚያስፈልግ ነው እንጂ ሐዘኔን ለማውራት አይደለም።

በኅዳር ወር በሱቁ በር ሳልፍ አቶ ከፈለኝ ጠራኝ። «ጋሽ ባንቴ፣ ያ ነጭ አዳፕተር አለ?» አለኝ። አለ፣ ምነው ስለው፣ «ቶሎ ያምጡልኝ። አስመጪው ከአዲስ አበባ ደውሎ አትሽጡ፣ የሸጣችሁትንም ሰብስቡ ብሎናል። መሰኪያውን ሲነቅሉ ክዳኑ አብሮ ይወጣና ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። ሰው ይገድላል» አለኝ። ወዲያው ከቤት አምጥቼ ሰጠሁት። ጎኑ ላይ ፋብሪካው ያተመውን ትንሽ የሦስት ማዕዘን ምልክት በጣቱ እያሳየኝ፣ «ይህ ያለበት ሁሉ ነው የሚሰበሰበው» አለ። የእኔ ቀይ ነጥብ ከዚያ ምልክት አጠገብ ነበር። እንዲያውም አይቶት፣ «ይህ ደግሞ ምንድነው፣ ኩፍኝ ወጣበት እንዴ?» ብሎ ሳቀ። በምትኩ ሌላ ዓይነት ሰጠኝ። የሌሎች ደንበኞቹንም እንዲሁ ሰብስቧል። እኔ በዚያ ሰሞን በደብሩ በር ላይ ለሰው ሁሉ፣ ነጋዴ እንዲህ ነው እንጂ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ማለት ከፈለኝ ነው እያልኩ አወራሁለት። ይህን ያወራሁበት አፌ ዛሬ ይመረኛል።

በጥር ወር የደብራችን ንግሥ ሲውል አቶ ከፈለኝ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ካርቶን አሸክሞ መጣ። ልጁ ከሕመሟ ብትድን እሰጣለሁ ብሎ የተሳለው እንደሆነ በማይክራፎን ተነገረለት፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ካርቶኑ ሲከፈት በአዲስ ላስቲክ ተጠቅልለው በጥብጣብ የታሰሩ አሥራ ሁለት አዳፕተሮች ነበሩ። በእያንዳንዱ ጎን ላይ በንግሥ ዕለት በር ላይ የሚሸጠው ተለጣፊ የመልአክ ሥዕል ተለጥፎበታል። አዳፕተር መሆናቸውን ሳይ ማይክራፎኑን በእጄ ሸፍኜ፣ «እነዚያ አይደሉም አይደል?» አልኩት። «ኧረ ጋሽ ባንቴ! ለታቦት እነዚያን? ለዚሁ ብዬ ያስመጣኋቸው አዲስ ናቸው» አለኝ። ይህን ሲለኝ አውራ ጣቱ በመልአኩ ሥዕል ላይ ነበር።

አመንኩት። ሌላው እንዲህ ቢለኝ ምናልባት አንዱን ፈትቼ አይ ነበር። ስለ እሱ ግን፣ ከደንበኛ እጅ ሰው እንዳይሞት ብሎ የሰበሰበ ሰው ለእግዚአብሔር ምን ብሎ የተበላሸ ይሰጣል ብዬ ለራሴ መለስኩለት። ደግሞም በሕዝብ ፊት የሰው ስለት አይመረመርም። አንካሳ በግ ለታቦት እንደማይሰጥ ሕፃንም ያውቃልና በጉ አንካሳ መሆኑን የሚያጣራ አጫራች የለም።

ስለዚህ ጮህኩ። «መልአኩ ያለበት ነው! ቤታችሁን የሚያበራ ነው!» አልኩ። የእህል ነጋዴው አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ የሰበካ ጉባኤው አባል፣ «ባንቴ፣ እኔ ሰፈር መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው። መልአኩ መብራቱንም ያመጣልኛል?» ብሎ ሰው አሳቀ። «አንተ ገንዘቡን አምጣ፣ መብራቱን ለእሱ ተወው!» አልኩት። እሱም አንዱን ገዝቶ «ለደብሩ መልሻለሁ፣ ድጋሚ ይጫረት» አለ፤ ድጋሚ ወጥቶ ሌላ ሰው ገዛው። በዚህ ዓይነት አሥራ ሁለቱም ተሸጡ። አንዱን ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ከአጥሩ ጋር የቆመ ሰው እጁን አውጥቶ ገዛው፤ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ እየተሻገረ ስለሄደ የገዢውን ፊት አላየሁም፤ ወንድ ይሁን ሴት አልለየሁም። ሌላውን ጽጌማርያም ገዛች።

ጽጌማርያም በግቢዬ ካሉት ክፍሎች አንዱን ተከራይታ የምትኖር፣ ከቡሌ የመጣች የመዋዕለ ሕፃናት ረዳት መምህርት ናት። በሰንበት ትምህርት ቤት ታገለግላለች። እኔን አባባ ትለኛለች። ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ አዳፕተሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛ፣ «አባባ፣ ከደሞዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በረከት ገዛሁ» አለችኝ።

ቅዳሜ የካቲት 2 ቀን የክፍሏ አሮጌ ሶኬት ስለላላ ነስሩን ጠርቼ አዲስ አስገጠምኩ። ነስሩ ሥራውን ጨርሶ ሲሞክር አዳፕተሩን አንስቶ በእጁ ነቅነቅ አደረገው። «አባባ፣ እኔ የገጠምኩት ሶኬት ደህና ነው። ይህ ነገር ግን አፉ ይንቀሳቀሳል» አለኝ። ወደ እሷም ዞሮ፣ «እህቴ፣ በዚህ እንዳትጠቀሚ፣ ጣይው» አላት። እሷ፣ «እንዴት እጥለዋለሁ፣ መልአክ አለበት!» አለች። ነስሩ ሳቀና፣ «መልአኩን ላጪና ግድግዳው ላይ ለጥፊው፤ ፕላስቲኩን ጣይው» አላት። እሷ እኔን አየችኝ፤ ከእኔ አንድ ቃል ትጠብቅ ነበር። እኔም፣ «ተዪው ልጄ፣ ከደብር የወጣ ነው፤ በረከት ነው» አልኳት። ነስሩ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ፣ «እሺ እንግዲህ፣ እኔ ተናግሬያለሁ» ብሎ ሄደ። ይህን ሦስታችን ብቻ ነን የሰማነው። አንዷ መናገር አትችልም፣ አንዱ ታስሯል፣ ሦስተኛው እኔ ነኝ።

ረቡዕ የካቲት 6 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ የጠዋት ጸሎቴን በማድረስ ላይ እያለሁ ከክፍሏ ጩኸት ሰማሁ፤ ጩኸቱ እንደተጀመረ ተቆረጠ። ኮረንቲ መሆኑን ያወቅሁት በምን እንደሆነ አላውቅም፤ እግሬ ግን ወደ ክፍሏ ሳይሆን ወደ ቆጣሪው ወሰደኝ። መብራቱን አጥፍቼ ስገባ ወለሉ ላይ ወድቃ ነበር። የቀኝ እጇ ጣቶች ጠቁረዋል። ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ሽታ መርማሪው እንድገልጽ ጠይቆኛል፤ አልገልጽም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥጋ ቤት በር ሳልፍ አፍንጫዬን እይዛለሁ ብል ይበቃል። ጎረቤቶች ደርሰው በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስናት፤ ትተነፍስ ነበር። በዚያው ቀን ወደ ሐዋሳ ተላከች። እስከ ዛሬ ነፍሷ አለች፤ ግን አትናገርም።

ከሐኪም ቤት ተመልሼ ክፍሏን አየሁ። የስልኳ ቻርጀር ወለሉ ላይ ነበር፤ በእግሮቹ ላይ የአዳፕተሩ ክዳን ተሰክቶ ቀርቷል። የአዳፕተሩ ሌላው ግማሽ ግድግዳው ላይ ቀርቶ ብረቶቹ ፊት ለፊት ይታዩ ነበር። ቻርጀሩን ስትነቅል ክዳኑ አብሮ ወጥቶባት፣ መልሳ ልትገጥመው ጣቷን እንደሰደደች ገባኝ። መብራቱ እንደጠፋ ስለነበር በፎጣ ይዤ ግማሹን ነቀልኩት። ከሙቀቱ የተነሳ የመልአኩ ሥዕል ጠርዙ ተጠቅልሎ፣ አንዱ ክንፉ ተነስቷል። ከክንፉ ሥር ቀይ ነገር አየሁ። መጀመሪያ ደም መስሎኝ ነበር። በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ ሥዕሉን ሳነሳው የባለቤቴ የጥፍር ቀለም ነው። አጠገቡ የሦስት ማዕዘኑ ምልክት አለ።

በኅዳር በእጄ የመለስኩት የራሴ አዳፕተር ነበር። ሰው ይገድላል ብሎ ከእኔ ተቀብሎ፣ መለያ ምልክቱን በመልአክ ሥዕል ሸፍኖ፣ በእኔ አፍ አስጩሆ፣ ለልጄ ሸጠው። 

መርማሪዎች በዚያው ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ መጥተው ሶኬቱ አዲስ መሆኑንና መጥቆሩን አይተው ማን ሠራው ብለው ጠየቁኝ። ነስሩ ነው አልኩ፤ ይህ እውነት ነው። ሌላ የምታውቀው አለ ወይ ሲሉኝ ግን የለም አልኩ፤ ይህ ሐሰት ነው። ያን ጊዜ አዳፕተሩ በመሐረብ ተጠቅልሎ በኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ነስሩ ከሥራ ቦታው ተይዞ በግቢያችን በር ሲያልፍ፣ «አባባ፣ የነገርኳትን ይንገሩላቸው እንጂ» አለኝ። እነግራለሁ አልኩት። አልነገርኩም። መርማሪው ለምን ብሎ ጠይቆኛል። የደብሬን ስም በፖሊስ መዝገብ ከማስጻፌ በፊት ከፈለኝን ፊት ለፊት ልጠይቀው ፈልጌ ነው። ይህን ምክንያት በዚያ ሰዓት ለራሴ ሳቀርበው መልካም ይመስል ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁ ሄድኩ። አዳፕተሩን ባንኮው ላይ አስቀምጬ፣ ነጥቡን አሳየሁት። ፊቱ አልተለወጠም። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ጋሽ ባንቴ፣ ይቀመጡ፣ ሻይ ላዝዝ?» አለኝ። አልቀመጥም አልኩት። «ይህ የእኔ ነው፤ ሰው ይገድላል ብለህ የወሰድክብኝ ነው» አልኩት። የመለሰልኝን ቃል በቃል አስመዘግባለሁ፦ «አስመጪው አትሽጥ አለኝ። አልሸጥኩም። አንድ ሳንቲም አልወሰድኩበትም። ለእግዚአብሔር ሰጠሁት፤ የሸጠው ደብሩ ነው፣ የጮኸው እርስዎ ነዎት።»

ለምን ወደ አስመጪው አልመለስከውም አልኩት። የማጓጓዣውን ራሳችሁ ቻሉ ብለውኛል አለ። ሥዕሉን ለምን በምልክቱ ላይ ለጠፍክ ስለው፣ «ለጌጥ ነው» አለ። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ? ስለው አዳፕተሩን በጣቱ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ከዚያ፣ «ጋሽ ባንቴ፣ ልጄ ድናለች እኮ። ስለቴ ባይሰምር ኖሮ ትድን ነበር?» አለኝ። ይህን ሲናገር ከልቡ ነበር። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስጸየፈኝ ይህ ነው። ውሸታም ቢሆን አውቀዋለሁ፤ ይህ ግን በራሱ ቆሻሻ የተባረከ ሰው ነው። ስወጣ የበሩን እጀታ በኮቴ እጅጌ ይዤ ነው የከፈትኩት።

በዚያን ቀን በቀጥታ ወደ ፖሊስ መምጣት ነበረብኝ። በማግስቱ ዓርብ ግን እኔ ሳልወጣ አቶ ከፈለኝ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስን ይዞ ቤቴ መጣ። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ «በከተማው ዕቃውን ቀይ ነጥብ የሚያደርግ ስንት ቤት አለ ወንድሜ፤ ያንተ ለመሆኑ በምን ታውቃለህ? የደብር ገመና አደባባይ አይወጣም» አለኝ። አቶ ከፈለኝ ደግሞ ለነስሩ ዋስ ሊሆንለት እንዳሰበ፣ ለሚስቱም ስኳርና ዘይት እንደገዛ፣ እኔም አብሬ እንድሄድ ነገረኝ። ሁሉን አስቦ፣ ገዝቶ ጨርሷል። ሰውየው እሱ በሠራው ጥፋት የታሰረውን ሰው በዋስ አስፈትቶ ሊመሰገን ነው። እምቢ ማለት ሲገባኝ እግሬ ተከተላቸው። ምናልባት እዚያ እናገራለሁ ብዬ ነው፤ ምናልባትም ሌላ ሰው እንዲናገርልኝ ፈልጌ ነው።

የነስሩ ባለቤት ወ/ሮ ሀጅራ በር ላይ ቆመች እንጂ ግቡ አላለችንም። አቶ ከፈለኝ ስኳሩን ሲዘረጋላት፣ «ባሌ ምን አጥፍቶ ነው ዋስ የምትሆኑት?» አለች። «ለጊዜው ነው እህቴ፤ ሰው ለሰው ነው» አላት። «ሰው ለሰው ከሆነ ስኳሩን ለልጅቷ እናት ውሰዱላት። ነስሩ ዋስ አይፈልግም። የሚፈልገው የሰማውን የሚናገር ሰው ነው» አለች። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ «እህቴ፣ እኛ ለሰላም ነው የመጣነው» ሲል፣ «ሰላም ከሆናችሁ እጃችሁ ለምን ዘይት በዘይት ሆነ?» ብላ መለሰችለት። የዘይቱ ጄሪካን ክዳኑ ስለላላ እውነትም እጁ ላይ ፈስሶ ነበር። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ጋሼ ባንቴ፣ ነስሩ ጣይው ሲላት እርስዎ አልነበሩም?»

ነበርኩ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ የተናገርኩበት ቀን የለም። አቶ ከፈለኝ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። የባለቤቴን ሣጥን የተሸከመ እጅ ነው። ትከሻዬን ከሥሩ አወጣሁ። ለወ/ሮ ሀጅራ፣ «ነበርኩ፤ እሱ ጣይው አላት፣ እኔ ተዪው አልኳት» ብዬ በሁለቱ ሰዎች ፊት ደገምኩ። ሁለቱ ሰዎች ስኳሩን ይዘው ተመለሱ፤ ዘይቱ በሩ ላይ ቀርቶ እሷ ራሷ አንስታ ከኋላቸው ወስዳ ሰጠቻቸው።

ወ/ሮ ሀጅራ አሁኑኑ ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ አለችኝ። እኔ ግን አሥራ አንዱ በየሰዉ ቤት ግድግዳ ላይ እንዳሉ አሰብኩ። የትኛውም እጅ በየትኛውም ሰዓት ሊነቅላቸው ይችላል። የገዙትን ሰዎች አብዛኞቹን በስም አላውቃቸውም፤ የሚገኙት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። እስከ እሑድ ታገሺኝ፣ ማስረጃውን ሰብስቤ ሰኞ እመጣለሁ አልኳት። በሩን ዘጋችብኝ። እውነቷን ነው። እኔ ያዘገየሁትን ቀን እስር ቤት ያደረው እኔ አይደለሁም።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ማይክራፎኑን ቀድሞ አንስቶ ወስዶታል። አላስፈለገኝም። በደብሩ በር ደረጃ ላይ ቆሜ እንደ ድሮው እንደ ሚዛኑ ጊዜ ጮህኩ። በንግሡ ዕለት መልአክ ያለበት አዳፕተር የገዛችሁ፣ መብራት አጥፍታችሁ በፎጣ ነቅላችሁ አሁኑኑ አምጡ፤ ሰው ይገድላል፣ አንዷን አቃጥሏል አልኩ። አንዲት እናት፣ «አቶ ባንተአምላክ፣ በረከት ብለው ሸጠውልን በረከቱን መልሱ ይሉናል?» አለችኝ። «እናቴ፣ በረከቱን በመስጠትዎ አግኝተዋል። ይህ ግን ቆሻሻ ነው፤ በእኔ አፍ የተሸጠ ቆሻሻ ነው» አልኳት። ተናግሬ ስጨርስ አቶ ከፈለኝ ከወንዶቹ መቆሚያ ወጥቶ ሲሄድ አይቻለሁ።

እስከ ቀትር ድረስ ሰዉ እያመጣ በነጠላዬ ላይ አስቀመጠ። የደብሩ አለቃ ቆመው እያዩ፣ ሥዕሉ እንዳይቀደድ ቀስ ብለን አንድ በአንድ ላጥናቸው። ከእያንዳንዱ ሥር ሦስት ማዕዘኑ ነበር። አንዱም አላመለጠም፤ ሰውየው ልክ ምልክቱ ላይ ለጥፎ ነበር። አለቃው ሥዕሎቹን በንጹሕ ጨርቅ ተቀበሉ። አጠገባቸው የቆመ አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ እንትፍ አለ፤ ቅጽር ግቢ መሆኑ ትዝ ሲለው በጫማው ሸፈነው። የተሰበሰቡት አሥር ናቸው። የተቃጠለው ሲጨመር አሥራ አንድ ሆኑ። አንዱ አልመጣም፤ በንግሡ ዕለት ከኋላ የቆመው ሰው የገዛው ይመስለኛል። አሥራ አንዱን ለመርማሪው በኤግዚቢትነት አስረክቤያለሁ።

ይህን ቃል እዚህ ድረስ ሰጥቼ ውሃ ለመጠጣት ቀና ስል፣ ከመርማሪው ጠረጴዛ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ የስልክ ቻርጀር ተሰክቶ አየሁ። ከግድግዳውና ከቻርጀሩ መካከል ነጭ አዳፕተር አለ፤ በጎኑ መልአክ አለበት። መርማሪው ወዴት እንደማይ አይቶ፣ «እሱ እንኳ ባለቤቴ ከንግሥ ያመጣችው ነው» ብሎ ሊነቅለው እጁን ሰደደ። እንዳትነካው ብዬ ጮህኩ። ድምፄ በኮሪደሩ ተሰምቶ ሌሎች ፖሊሶች መጥተዋል። የሕንፃው ቆጣሪ በየት በኩል እንደሚጠፋ ከመካከላቸው የሚያውቅ ስላልነበረ መርማሪው ነስሩን ከማረፊያ ክፍል አስጠራው። ነስሩ በሩ ላይ ቆሞ አየውና፣ «እኔ አልነካውም። ነክቼው አንድ ነገር ቢሆን ለዚህም ልታስሩኝ ነው?» አለ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ቆጣሪው ያለበትን ነግሯቸው መብራቱ በሙሉ ጠፋ። ቻርጀሩን የነቀለው መርማሪው ራሱ ነው። ክዳኑ አብሮት ወጣ። ግድግዳው ላይ ብረቶቹ ራቁታቸውን ቀሩ። መርማሪው ክዳኑን በመዳፉ ይዞ፣ ማታ ማታ ቤት ይዞት ሲገባ ቻርጀሩን የሚነቅለው ልጁ እንደሆነ ተናገረ። ይህንን እንዲጽፈው ጠይቄዋለሁ፤ ራሱ ጽፎታል። አሥራ ሁለተኛው ተገኝቶ ከሌሎቹ ጋር ተያይዟል።

ነስሩ ወደ ማረፊያ ክፍል አልተመለሰም። ቃሌ እስኪነበብልኝ ድረስ ከእኔ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ለምን ቆዩ ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ መርማሪው የምጨምረው እንዳለ ጠይቆኛል። ነስሩ ስለ አዳፕተሩ አስቀድሞ አስጠንቅቋል፤ ምክሩን ያስተወው የእኔ ቃል ነው። በዚህ የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ። አቶ ከፈለኝ ግን የእኔን ጥፋት ጋቢ አድርጎ እንዳይለብሰው። እሱ ያውቅ ነበር። በደብሩ ዳግመኛ አላጫርትም።

ከላይ የሰፈረው በጆሮዬ ተነብቦልኝ የእኔ ቃል መሆኑን አውቄዋለሁ። የጨመርኩበት የለም። የደበቅሁት እስከ ዛሬ ጠዋት ነበር፤ ከእንግዲህ የለም። ይህ እውነት ስለመሆኑ በእግዚአብሔር ፊትም በፍርድ ቤትም ቆሜ እመልሳለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ባንተአምላክ ዘነበ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ሙሉጌታ በየነ
ቃሉ ሲነበብ የነበረ፦ ነስሩ (ፊርማ)